የቀኙ ክንፍ ውሃ

አውሮፕላን ላይ ነው የምሠራው ስል ሰው የሚያስበው ትልቁን ነው፤ መስኮቱ የበዛውን፣ ምግብ የሚታደልበትን። የእኔዋ አራት መቀመጫና አንድ ሞተር ነበራት። ክንፏ ከላይ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ሥሯ እንጠለል ነበር። የተሳፋሪው በር በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም፣ አይዘጋም። የግል ድርጅት መክፈት እንደገና በተፈቀደባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ የጭነት መኪናዎች የነበሯት አንዲት ነጋዴ ገዝታት፣ መንገድ ወዳልደረሰባቸው አገሮች ሰውና ዕቃ ታመላልስባት ነበር። መካኒኩ እኔ ነበርኩ። ነዳጅ ቀጂውም እኔ ነበርኩ። ጎማ ነፊና ወንበር ጠራጊም ሌላ ሰው አልነበረም።

አብራሪው የቀድሞ አየር ኃይል ሰው ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ሥራቸውንም ማዕረጋቸውንም አጡ። እኛ ግን «ካፒቴን» ማለታችንን አልተውንም፤ እሳቸውም ተዉ አላሉንም። ዕድሜያቸውን በጄት ላይ የጨረሱ ሰው ናቸውና የእኛዋን መጀመሪያ ያዩዋት ዕለት ዙሪያዋን ዞረው፣ ፕሮፔለሯን በጣታቸው ነክተው፣ «ትነሳለች?» አሉኝ።

«ትነሳለች» አልኳቸው።

ገብተው መቀመጫው ላይ ተቀመጡ።

ቤታችን ወሰን ነበር፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ፣ ጋራዦቹን አለፍ ብሎ። ከደቡብ መጥተን እዚያ ከተከራየን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ባለቤቴ አስተማሪ ናት። አውሮፕላኗ ወደ ሰሜን ስትሄድ እንጦጦን በአንድ ትንፋሽ መሻገር ስለማትችል፣ ከቦሌ ተነስታ በእኛ ሰፈር ላይ እየዞረች ነበር ከፍታ የምትጨምረው። አዲስ አበባ ራሷ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርም እንደ ሰው ዳገት ይከብደዋል። ጎረቤቶቻችን ይህን አያውቁም። አብራሪውን ለምኜ ሚስቴን ለማየት የማስዞራት ይመስላቸው ነበር። ባለቤቴም አላስተባበለችም።

አውሮፕላኗ የምትጠጣው የመኪና ቤንዚን አይደለም። የራሷ ቤንዚን አላት፤ ሰማያዊ ቀለም የተጨመረበት፣ ከውጭ በበርሜል የሚመጣ። በርሜሉ ሲቀመጥ አግድም ይተኛል። ይህን የተማርኩት ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ነው። በርሜል ከቆመ ግን ከንፈሩ እንደ ሳህን ዝናብ ይይዛል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያብጣል፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ትንፋሹን መልሶ ይስባል፤ ሲስብ ደግሞ ክዳኑ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ላዩ ላይ የተኛውን ውሃ አብሮ ወደ ውስጥ ያስገባል። በርሜል ይተነፍሳል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

በሐምሌ አለቃችን ነጋዴዋ አዲስ የቤት መኪና ገዛች። መኪናውን የምታቆምበት ጥላ የእኔ በርሜሎች የተኙበት ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ውስጥ መጥታ መስኮቷን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

«እነዚህን በርሜሎች ማቆም አይቻልም? ቦታውን ሁሉ እኮ ያዙት።»

«እትዬ፣ በርሜል ይተኛል እንጂ አይቆምም።»

«ለምን?»

«ውሃ ይገባበታል።»

«አልተከደነም እንዴ?»

«ተከድኗል።»

«ታዲያ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ግን ዝናቡ በአንገቴ እየገባ ነበር፤ እሷ ከመኪናዋ አልወረደችም፤ እኔም እዚያ ቆሜ ስለ በርሜል አተነፋፈስ ማስረዳት አሳፈረኝ። በማግስቱ በርሜሎቹን ከጥላው ውጭ አንድ በአንድ አቆምኳቸው። ሲቆሙ በእርግጥም ብዙ ቦታ አልያዙም።

ነዳጁ ከበርሜል ወደ ክንፍ ሲቀዳ በስስ ቆዳ ይጣራል፤ ቆዳው ቤንዚኑን ያሳልፋል፣ ውሃውን ይይዛል። የእኛ ቆዳ በነሐሴ ተቀደደ። አዲስ ታዘዘ፤ አልደረሰም። እስኪደርስ ድረስ ታጥቦ የደረቀ ንጹህ ጨርቅ ተጠቀምኩ። ጨርቅ ቆሻሻ ይይዛል። ውሃ አይይዝም። ይህንንም አውቅ ነበር። ያኔ የማላውቀው ነገር ስለነበረ አይደለም የደረሰው ሁሉ የደረሰው፤ ሰዎች ሲጠይቁኝ ይህን ማስረዳት ነው የሚከብደኝ።

መስከረም ተጋምሶ ሰማዩ መጥራት ሲጀምር አንድ ተሳፋሪ ወደ ሰሜን ልናደርስ ታዘዝን። ሰውየው የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ነበር፤ የት ቦታ ቢቆፈር ውሃ እንደሚወጣ አጥንቶ የሚናገር። እኔም አብሬ እንድሄድ ተባለ፤ እዚያ የሚጠብቀንን ነዳጅ የሚቀዳ ሰው ስላልነበረ። የግራው ክንፍ ታንክ ከቀድሞ በርሜል የተሞላ ነበር። የቀኙን ባለፈው ቀን ከሰዓት በኋላ ከቆሙት በርሜሎች ከአንዱ ሞላሁት።

ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገና ድንግዝግዝ ሳለ ናሙና ወሰድኩ። ከየታንኩ ሥር ትንሽ ማፍሰሻ አለች፤ ብርጭቆ ደግነህ ስትጫናት ከታች ያለው ይወርዳል። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ካለ የሚገኘው እዚያ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች ይሆናል፤ መካከላቸው ላይ መስመር ይታያል። የምትፈልገው ያንን መስመር ነው። የግራውን በእጅ ባትሪ አየሁት፤ መስመር የለም። የቀኙን አየሁት፤ መስመር የለም። እንዲያውም የቀኙ ከግራው ይበልጥ የጠራ ነበር። ደስ አለኝ።

ካፒቴኑ መቀመጫቸው ላይ ሆነው ወረቀት ይሞሉ ነበር። ብርጭቆውን በመስኮቱ በኩል ወደ ዓይናቸው አስጠጋሁላቸው።

«የቀኙ ነው» አልኩ።

አዩት። «ጥሩ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

መስመር ያልነበረው ብርጭቆው ሙሉ በሙሉ ውሃ ስለነበረ ነው። ሰማያዊ መሆን ነበረበት፤ የባትሪዬ ብርሃን ግን ቢጫ ነው፣ በቢጫ ብርሃን ያቺ ፈዛዛ ሰማያዊ አትለይም። ባሸተውም ኖሮ አውቀው ነበር። ግን እጄ፣ ቱታዬ፣ ጨርቄ፣ ሁሉም ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ስለነበር ማሽተት ትዝ አላለኝም።

በግራው ታንክ ተነሳን። ባለሙያው ከኋላ ተቀምጦ ቦርሳውን አቅፎ እንቅልፍ ወሰደው። ኮተቤን አልፈን ወሰን ላይ ሁለተኛውን ዙር ስንጀምር ፀሐይ ወጥታ ነበር። የቤታችን ጣሪያ ታየኝ፤ ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይነሳ የደረደርኳቸው ድንጋዮች ሳይቀሩ ይለዩ ነበር። ግቢው ውስጥ ባለቤቴ ልብስ ታሰጣለች። ካፒቴኑ ክንፎቿ እኩል እንዲቀሉ ብለው የነዳጁን ማዞሪያ ከግራው ታንክ ወደ ቀኙ መለሱት።

ሞተሩ ጥቂት ጊዜ ደህና ሠራ። ከዚያ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አንዴ ሳል አደረገው። ደግሞ ሳል አደረገው። ከዚያ ቆመ። ፕሮፔለሩ በነፋሱ ይዞራል፣ ድምፅ ግን የለም።

ካፒቴኑ ማዞሪያውን ወደ ግራ መለሱ። የሚጫነውን ተጫኑ፣ የሚጎተተውን ጎተቱ። ሞተሩ ተነሳ፤ አሥር እስክትቆጥሩ ሠራና እንደገና ተወው። ውሃው ቱቦው ውስጥ ገብቷል፤ የግራው ንጹህ ነዳጅ እሱን እስኪገፋለት ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ እኛ ጋ አልነበረም።

«ቦሌ እንመለስ?» አልኩ።

«ከዚህ እስከ ቦሌ ቤት ነው» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ሰው ቤት ላይ አልወርድም። ከተራራው ወዲያ ሜዳ አለ፤ ቀበቶህን አጥብቅ።»

ባለቤቴ በኋላ እንደነገረችኝ፣ የአውሮፕላኗን ድምፅ ስለለመደችው ቀና ብላ አታየንም ነበር። ቀና ያለችው ድምፁ ሲቆም ነው። ጎረቤታችን አጥር ላይ ሆና «ዛሬስ በጣም ቀረበልሽ» አለቻት። ባለቤቴ የያዘችውን አንሶላ እንደያዘች በበሩ ወጣች።

ካፒቴኑ ያሉት ሜዳ የካ አባዶ ነው፤ ያኔ ኮንዶሚኒየም አልነበረበትም። መስክ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ፣ ከብት የተሰማራበት መስክ። ሞተሩ በየመሃሉ አንዴ አንዴ ይነሳል፤ ያቺ አንዴ አንዴ የምትለው ናት እዚያ ያደረሰችን። የባሕር ዛፍ ረድፍ ከሥራችን አለፈ። በጣም ቅርብ ነበር፤ ቅጠሉን አየሁት። ልጆች ይኖሩኝ እንደሆን አሰብኩ፤ ያኔ ገና አልወለድንም ነበር። ከዚያ ጎማው ሳሩን ነካ፣ ነጠርን፣ እንደገና ነካ፣ ነጠርን፤ ሦስተኛው ላይ የፊት ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ገባና አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ተክላ፣ ጅራቷን ወደ ሰማይ አንስታ ቆመች። ሁላችንም ቀበቶው ላይ ተንጠለጠልን።

ባለሙያው ነቃ።

«ደረስን?» አለ።

«አልደረስንም» አሉ ካፒቴኑ።

«ታዲያ ለምን ወረድን?»

«ሞተሩ ቆሞ ነው።»

«ገባኝ» አለና ቦርሳውን ይፈልግ ጀመር።

ካፒቴኑ ግንባራቸው ላይ ትንሽ ተጭረዋል። እኔ ጉልበቴን ተመትቻለሁ። ሌላ የደረሰብን ነገር አልነበረም። በሩ እንደ ልማዱ በትከሻ ተከፈተ። ከመስኩ ጫፍ ዱላ የያዙ አንድ አረጋዊ ገበሬ እየተራመዱ መጡ፤ አልሮጡም። አጠገባችን ሲደርሱ አውሮፕላኗን ሳይሆን እኛን አዩን።

«ሰው ሞቷል?» አሉ።

«አልሞተም» አሉ ካፒቴኑ።

«ላምስ?»

ካፒቴኑ ዞር ብለው መስኩን አዩ። ከብቶቹ ሩቅ ሄደው ቆመዋል። «ላምም አልሞተም።»

«እንግዲያው እግዜር ይመስገን» አሉና ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ።

ካፒቴኑ ብርጭቆ አምጣ አሉኝ። ከቀኙ ታንክ ቀዳሁ። አሁን ፀሐይ አለ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ምንም ቀለም አልነበረውም። ካፒቴኑ ብርጭቆውን ለባለሙያው አቀበሉት፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ ምናልባት ከእኛ ውጭ የሆነ ሰው እንዲያየው ፈልገው ይሆናል። ሰውየው አሸተተ፣ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ በጣቱ አሸው።

«ውሃ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሥራዬ እኮ ነው።»

እኔ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ጠዋት ያየሁት ብርጭቆ፣ መስመሩ፣ የጠራው ቀኝ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት ሞተሩ ሲቆም፣ ዛፎቹ ሲያልፉ እንደዚያ አልፈራሁም።

ባለቤቴ ከወሰን እስከዚያ በእግሯ መጣች። አንሶላውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። አየችኝ፣ ጉልበቴን ነካችው፣ «ቁርስ በልተሃል?» አለች። አልበላሁም አልኩ። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እኩለ ቀን ላይ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሁለት መርማሪዎች መጡ። ፎቶ አነሱ፣ ለኩ፣ ከሁለቱም ታንክ ናሙና በጠርሙስ ወሰዱና አውሮፕላኗን ከመስኩ ማውጣት ትችላላችሁ አሉን። እንዴት እንደምናወጣት አልነገሩንም። መኪና እንዳይገባ ጭቃ ነው። ገበሬው ሲያዳምጡ ቆይተው ሁለት ጥማድ በሬ አስመጡ። ጅራቷን በሰው ጉልበት ወደ ታች ስበን አስተካከልናት፤ ገመዱን ከሁለቱ ዋና ጎማዎች እግር ላይ አሰርን፤ በሬዎቹን ወደ መንገዱ አዞርን። ገበሬው በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገሯቸው። አውሮፕላኗ ጅራቷን ቀድማ፣ እየተወዛወዘች፣ ወደ መንገዱ ሄደች። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከጎኗ ይራመዳል፤ የሚስቅ አልነበረም። አንዳንዶቹ ክንፏን በእጃቸው ደግፈው ነበር፤ የታመመ ሰው እንደሚደገፍ።

ምርመራው ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮ ውስጥ ሆነ። አንደኛው መርማሪ ጠየቀ፤ ሌላው ጻፈ።

«ነዳጁን ማን ፈተሸ?»

«እኔ።»

«ምን አየህ?»

«ንጹህ።»

«ንጹህ ምን?»

«ንጹህ ውሃ» አልኩ።

የሚጽፈው ሰው ብዕሩን አነሳና አየኝ። ከዚያ ጻፈው።

በርሜሎቹን ማን እንዳቆማቸው ጠየቁኝ፤ እኔ አልኩ። ማን እንዳዘዘ ጠየቁኝ፤ አለቃዬ አልኩ። አለቃዬ ከእኔ በኋላ ገብታ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር፣ እትዬ።»

«ነግረኸኛል። አላስረዳኸኝም።»

እውነቷን ነው። በኋላ ስሰማ በርሜሎቹን አስተኝታ፣ መኪናዋን ውጭ ማሳደር ጀምራለች።

ፈቃዴ ለስድስት ወር ታገደ። ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ ወሰን ካሉት ጋራዦች አንዱ ውስጥ ገባሁ፤ የታክሲ ሚኒባሶች ካርቡሬተር መፍታትና ማጠብ። ባለጋራዡ ቀድሞ ምን እሠራ እንደነበር ሲጠይቀኝ «መካኒክ» አልኩት። ቤት ውስጥ ውሃ በብርጭቆ ሲቀርብልኝ ሳላውቀው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው ጀመር። ባለቤቴ ብርጭቆውን በቆርቆሮ ኩባያ ቀየረችው።

በኅዳር ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት ካፒቴኑ ጋራዡ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸው ላይ ፖስታ አለ። ከወደቅንበት ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ሸሽቼ ነበር የከረምኩት። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ሄድኩ።

«የምርመራውን ወረቀት አይተሃል?» አሉኝ።

«ለእኔ የሰጡኝ እግዱን ብቻ ነው።»

ፖስታውን ከፍተው ሁለተኛውን ገጽ አሳዩኝ። አብራሪው ናሙናውን ራሱ አይቶ እንደተቀበለ፣ ቀለሙን እንዳላጣራ፣ የእሱም ፈቃድ ለስድስት ወር እንደታገደ ይላል።

«ይህን ማን ነገራቸው?»

«እኔ።»

«ጠይቀዎት ነው?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ ለምን ነገሯቸው፣ ካፒቴን? እኔ እኮ ስለ እርስዎ አንድም ቃል አልተናገርኩም።»

«አለመናገርህን አውቃለሁ።» ወረቀቱን አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱ። «አንተ ብርጭቆውን አሳየኸኝ። እኔ አየሁት። ዓይን አለኝ። ጥሩ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወደምፈታው ሚኒባስ ዞርኩ። ካፒቴኑ ጋራዡን ዙሪያውን ሲቃኙ ቆዩ።

«እዚህ ሥራ አለ?» አሉ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን በአሮጌ ሹራብ መጡ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ከኮተቤ በታክሲ እየመጡ፣ ጄት ያበረሩበት እጃቸው ካርቡሬተር ሲያጥብ ይውል ጀመር። ባለጋራዡ ማን እንደሆኑ አያውቅም፤ «አባባ» ይላቸዋል። አንድ ሾፌር «አባባ፣ ይቺ መኪና ዳገት ላይ ትተኛለች፤ ነዳጇ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ካፒቴኑ ማጣሪያውን ፈትተው ለረጅም ጊዜ አዩትና፣ «እሱ ይይልህ» ብለው ለእኔ አቀበሉኝ። እኔ አየሁት፤ ከዚያ መልሼ ለእሳቸው ሰጠሁ። ሁለታችንም ሳናየው የወጣ ነገር አልነበረም። ሾፌሮቹ ጋራዡ ዘገየ ይሉ ጀመር።

በመጋቢት ሁለታችንም ፈቃዳችን ተመለሰ። አለቃችን ሌላ አብራሪ ለማግኘት ሞክራ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ የጠየቀቻቸው ሰዎች በበሬ የተጎተተች አውሮፕላን መሆኗን ሲሰሙ ተዉት። ፕሮፔለሩ ተለውጦ፣ ሞተሩ ተፈቶ ታጥቦ ተገጥሟል። አዲሱ ቆዳም ደርሷል፤ ሁለት ነው የገዛችው። መጀመሪያ በተመለስንበት ጠዋት ናሙና ስወስድ ካፒቴኑ ከመቀመጫቸው ወርደው አጠገቤ ቆሙ። አየን፣ አሸተትን፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረግን። ተሳፋሪዎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ። «ትንሽ ነው፤ ታገሱ» አሏቸው ካፒቴኑ፤ ትንሽ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ የቀረኝ ዕዳ ነበር፤ ምስክርነት። በምንጸልይበት የወሰን ቤተ ክርስቲያን ሰው ከአደጋ ሲተርፍ ወጥቶ ጌታ ያደረገለትን ይናገራል። ፓስተሩ ከመስከረም ጀምሮ ሲጠይቀኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ሥራ ነው እያልኩ እሸሸው ነበር። ምን ብዬ ልናገር? ጌታ ሞተሩ ሲበላሽ ጠበቀኝ ብል፣ ሞተሩ አልተበላሸም። ሞተር ውሃ አልቃጠል ሲለው ይቆማል እንጂ ምን ያድርግ? ባለቤቴ ናት በመጨረሻ፣ «የሆነውን ተናገርና ተቀመጥ» ያለችኝ።

አንድ እሁድ ወጣሁ። አዳራሹ ሞልቷል። ማይክራፎኑን ያዝኩና የሆነውን ከበርሜሎቹ ጀመርኩ። «በርሜሎቹን ያቆምኳቸው እኔ ነኝ» ስል «አሜን» አሉ። «ውሃ እንደሚገባ አውቅ ነበር» ስል አንድ ሰው «ሃሌሉያ» አለ። የተቀደደውን ቆዳ፣ ጨርቁን፣ የጠራውን ብርጭቆ፣ ደስ ማለቴን ሳይቀር ተናገርኩ። እየቆየ «አሜን» የሚለው ሰው እየቀነሰ መጣ። ካፒቴኑ ሳይጠየቁ ስለራሳቸው መናገራቸው ላይ ስደርስ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር። «ጌታ ሦስት ሰው አተረፈ። ሊገድላቸው የነበረው እኔ ነኝ። ስለሁለቱም አመሰግናለሁ» አልኩ። ስለሁለቱም ማለቴ ትክክል አልነበረም፤ ምን ማለት እንደፈለግኩ ዛሬም አላውቅም። ወርጄ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እጄን ያዘችው።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ፓስተሩ ወደ ጎን ወሰደኝ።

«ወንድሜ፣ ይህ ምስክርነት ነው ወይስ ንስሐ?»

«እኔም አላውቅም።»

«ሁለቱም መልካም ነው» አለ። «በአንድ እሁድ ሲሆኑ ግን ይረዝማሉ።»

በር ላይ አንዲት ሽማግሌ እናት ይጠብቁኝ ነበር። ሾላ ገበያ ውስጥ ላምባና የላምባ ምድጃ ክር ይሸጣሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። እስከዚያ ቀን ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ሰው እስኪያልፍ ጠብቀው ቀረብ አሉኝ።

«ልጄ፣ ያ መስመር ያልከው። ላምባም ላይ አለ?»

«አለ፣ እማማ። ውሃ ከገባበት ይታያል።»

«ሙሉ ውሃ ከሆነ ግን አይታይም አልክ።»

«አይታይም።»

«ነገ ሾላ ብቅ ማለት ትችላለህ?»

ሰኞ ከሥራ በፊት ሄድኩ። ታክሲው ሾላ ላይ ሲያራግፈን በሽንኩርትና በበርበሬ ጆንያዎች መሃል ተጋፍቼ ሱቃቸውን አገኘሁ። በርሜላቸው ከሱቁ ጀርባ፣ ጣሪያ በሌለው ቦታ፣ ቆሞ ነበር። ክረምቱንም በጋውንም እዚያው ነው የሚቆመው። ላምባውን የሚስቡት እስከ በርሜሉ መሬት በሚደርስ ጎማ ነው። በጎማው ስቤ የባዶ ማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ቀዳሁ። ጠርሙሱ ውስጥ መስመር አልነበረም። ጥርት ያለ ነበር።

«ንጹህ ነው?» አሉ እማማ።

ምድጃቸው ላይ ከነበረው ላምባ በማንኪያ ጥቂት ጠብ አደረግኩበት። ላምባው እላይ ተንሳፈፈ፤ መስመሩ ወጣ። እማማ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ሰዎች እሳቱ ይንጣጣብናል፣ ይጠፋብናል እያሉ ይመጡ ነበር» አሉ።

«ምን ይሏቸው ነበር?»

«ክሩ አርጅቷል እላቸው ነበር።»

«ክር ይገዙ ነበር?»

«ከእኔ ነው የሚገዙት።»

ወደ ውስጥ ገብተው የሽንኩርት ቢላዋ ይዘው ወጡና የጎማውን ጫፍ አንድ ስንዝር ከግማሽ ያህል ቆረጡት፤ የበርሜሉን መሬት እንዳይነካ። ይበቃል ወይ ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። በርሜሉን እናስተኛው አልኩ። ከጎረቤት ሱቅ ሁለት ሰው ጠርተን፣ የታችኛውን ውሃ አፍስሰን፣ በርሜሉን ድንጋይ አስደግፈን አስተኛነው። ስሄድ በፌስታል ነጭ ሽንኩርት ሰጡኝ፤ አልቀበልም ብል ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

በሚቀጥለው እሁድ ፓስተሩ ምስክርነት ያለው ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እማማ እጃቸውን አወጡ። ፓስተሩ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እማማ ማይክራፎኑን አልተቀበሉም፤ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ከእኔ ላምባ የምትገዙ» አሉ፣ «ምድጃችሁ ደህና ነው፤ ክሩም አላረጀም።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።